«ተረት ነው» ማለት ፍርድ አይደለም

በቦንጋ ከተማና በአካባቢዋ ባሉት አንባቢዎች መካከል ስለ «ዴርቶጋዳ»ና ስለ ተከታዮቹ መጻሕፍት የተነሣው ክርክር፣ ከመንገድ ዳር ጨዋታነት አልፎ፣ እነሆ፣ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይውረድ ወደሚል አሳብ ደርሷል። ይኸውም ወጣቶች በሚያነቡበት በአንድ የንባብ ክፍል ውስጥ እነዚህ መጻሕፍት መቀመጣቸው ጎጂ ነው፤ የማይሆነውን ይሆናል እያሉ የልጆቻችንን አእምሮ ያናውጣሉ፤ ቦታቸውን ለሚጠቅም መጽሐፍ ይልቀቁ የሚል ነው። አሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ተንኮል የሌለባቸውና ለወጣቱ ከልብ የሚያስቡ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እኛን ራሳችንን ያስተማሩን ናቸው። ቢሆንም አሳባቸውን እንቃወማለን። የምንቃወመውም መጻሕፍቱ እንከን የለባቸውም ብለን ስላመንን አይደለም፤ እንከናቸው እነርሱ ባዩት ቦታ ላይ አይደለም ብለን ነው።

ነገሩን ከቶ ላልሰማ አንባቢ በአጭሩ እንግለጸው። አቶ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ያሳተሙት በ2001 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ «ራማቶሓራ»፣ ከዚያም «ዣንቶዣራ» መጡ። ታሪኩ በጣና ሐይቅ ገዳማትና በአሜሪካ የጠፈር ምርምር መካከል ይመላለሳል፤ በውጭ አገር ታላቅ ስም ያተረፈ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አለበት፤ የባዕዳን ሰላዮች አሉበት፤ በጥንት ምስጢርና በነገ መሣሪያ መካከልም ድንበር የለበትም። መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በመጽሐፍ አዟሪዎች ክንድ ላይ ከተደረደሩት ሁሉ ላይ ለዓመታት ይታይ ነበር። ወደ እኛም አገር በአውቶቡስ መጣና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተለጠፈ ቅጂ ማየት የተለመደ ሆነ። በዚያ ዘመን ተማሪዎች የነበርን ሁሉ፣ የወደድነውም የጠላነውም፣ እናውቀዋለን። አሁን ደግሞ በታናናሾቻችን እጅ እናየዋለን።

ከተቃዋሚዎቹ አንደበት አዘውትሮ የሚወጣው ቃል «ይህ እኮ ተረት ነው» የሚለው ነው። በጣና ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልሠራም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ውሸት ነው፤ ውሸትም ለልጅ አይሰጥም። አካሄዱ ቀጥ ያለ ይመስላል። ዳሩ ግን በዚህ ሚዛን ቢመዘን ከአገራችን ጽሑፍ ስንቱ ይተርፍ ይሆን? በግዕዝ የተጻፈው ዜና እስክንድር ንጉሡን ወደ ሰማይ ያወጣዋል፤ ወደ ባሕር ጥልቀትም ያወርደዋል። አባቶቻችን ይህን የገለበጡት ብራና ተርፏቸው አይደለም። በክብረ ነገሥትም ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሚጓዙት ሰዎች ሠረገሎቻቸው ከምድር ከፍ ብለው ባሕሩን ሲሻገሩ እናነባለን። (እዚህ ላይ ቅዱሱን ከጨዋታው ጋር አስተካከላችሁ የሚለን እንዳይኖር፤ የምንናገረው ስለ አንባቢው ጆሮ ነው እንጂ ስለ ሃይማኖት አይደለም።) የዚህ አገር ጆሮ ከምድር ከፍ ስለሚል ሠረገላ ሲሰማ ብዙ መቶ ዓመት ኖሯል፤ አእምሮው ግን አልተናወጠም።

ወደ አማርኛ ልብ ወለድ ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑ የሚነገርለት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ሮም ላይ ታተመ። መንታ ሆነው የተወለዱ ወንድምና እኅት አሉበት፤ እኅቲቱም የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ለአገር ስትዞር ሴትነቷን የሚያውቅባት የለም። ይህ ነገር በእኛ ሰፈር ይሆናልን? ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ባወቀባት ነበር። ሆኖም በትምህርት ቤት ስናጠናው ማንም «ውሸት ነው» ብሎ መጽሐፉን ከእጃችን አልነጠቀንም፤ እንዲያውም ፈተና ላይ ጠየቁን። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ፣ ተቃዋሚዎቻችን እንደ በትር አንሥተው የሚመቱን «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከመታተሙ 10 ዓመት አስቀድመው «ተረት ተረት የመሠረት»ን ለልጆች አበርክተዋል። ተረትን የናቀ ሰው እንዲህ አያደርግም።

እንግዲህ «ተረት ነው» ማለት የመጽሐፉን ዓይነት መናገር እንጂ ፍርድ መስጠት አይደለም። አንድ ሰው ሸማኔ ዘንድ ሄዶ የተሠራውን ጋቢ አይቶ ሲመለስ «ምን ይመስላል?» ቢሉት «ጋቢ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ ድሩና ማጉ እንዴት እንደሆነ፣ ይሙቅ ወይም አይሙቅ ምን ነገረን? ተቃዋሚዎቻችን እስከ ዛሬ ድረስ «ጋቢ ነው» ብለውናል።

ከእነርሱ መካከል አንድ የተከበሩ መምህር፣ መጽሐፉን አንብበውት እንደሆነ በትሕትና ብንጠይቃቸው፣ ጀምረው ከ30ኛው ገጽ ላይ እንደ ተዉት ነገሩን። እውነቱን ስለ ነገሩን እናመሰግናቸዋለን። 30 ገጽ አንብቦ መጥላት የማንም መብት ነው፤ እኛም ከ30 ገጽ በታች የጣልናቸው መጻሕፍት አሉን፤ ስማቸውን ብንናገር ብዙ ሰው እናስቀይማለን። 30 ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ከሌላ ሰው እጅ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ ጠብ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። እንግሊዛዊው የኦክስፎርድ መምህር ቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» የተባለውን ትልቅ ታሪክ በ1954 እና በ1955 ባሳተሙ ጊዜ፣ ኤድመንድ ዊልሰን የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ሐያሲ በ1956 ለልጆች የሚሆን እርባና ቢስ ነገር ነው ብሎ አጣጣለው። ዛሬ ቶልኪንን የሚያነበው ሕዝብ ቁጥር ስፍር የለውም፤ የዊልሰንን ሒስ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሃሪ ፖተር ስለሚባለው ጠንቋይ ልጅ የሚተርኩት 7 መጻሕፍት ከ1997 እስከ 2007 ሲወጡ ደግሞ ጩኸቱ ከዚህ በረታ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ2000 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከመደርደሪያ ይነሡ ተብለው ከተከሰሱት መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነዚህ መሆናቸውን መዘገበ። እዚያም ከሳሾቹ ወላጆችና መምህራን ነበሩ፤ እዚያም «ልጆቻችን ጠንቋይ ሊሆኑ ነው» ተባለ። ልጆቹ ግን አድገው ነርስና የሒሳብ ሠራተኛ ሆኑ።

አሁን ደግሞ ወደ ወዳጆቻችን ፊታችንን እናዙር፤ ከእነርሱም ጋር የምንነጋገረው አለንና። የመጽሐፉ ደጋፊዎች ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚያቀርቡት ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ጊዜ እንደ ታተመ አታውቁምን?» የሚል። እናውቃለን። ነገር ግን ብዛት ፍርድ ከሆነ፣ በቦንጋ ገበያ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው የላስቲክ ጫማ ከጫማዎች ሁሉ የበለጠ ሊሆን ነውን? ሃሮልድ ብሉም የተባሉት የአሜሪካ መምህር በ2000 ስለ ሃሪ ፖተር ሲጽፉ፣ ገዢው በብዙ ሚሊዮን ቢቆጠርም ሊሳሳት ይችላል ብለው ነበር። በመጽሐፉ ላይ የሰጡትን ፍርድ ባንቀበል እንኳ በዚህ ነጥብ እውነት አላቸው። የታተመበትን ብዛት መቁጠር የአታሚው ሥራ ነው፤ የአንባቢው ሥራ ሌላ ነው።

እኛ እንደሚመስለን የ«ዴርቶጋዳ» ድካም የማይሆን ነገር መጻፉ አይደለም፤ የማይሆነው ነገር እጅግ በርካሽ መሆኑ ነው። ጥሩ ተረት ውስጥ ተአምር ዋጋ አለው። በአያቶቻችን ተረት ጅብ ያነጋገረ ልጅ አንድ ነገር ያጣል፤ የከበረውን ያገኘ ከሌላው የከበረ ይለያል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ግን ጀግኖቹ ሁሉን የሚያውቁ፣ ሁሉን የሚችሉ፣ መልካቸውም ያማረ ስለሆነ፣ ከአደጋ ሲያመልጡ አብረናቸው አንተነፍስም፤ ማምለጣቸውን አስቀድመን አውቀናልና። ሊቁም፣ ሰላዩም፣ ጎልማሳውም፣ ሴቲቱም ሲናገሩ አነጋገራቸው አንድ ነው፤ ከአንድ አፍ የሚወጣ ይመስላል። የሚፈለገው ሰው በሚፈለግበት ሰዓት ሳይታሰብ ከደጅ ይገኛል። ይህን ሁሉ ተቃዋሚዎቻችን ቢሉ ኖሮ እጃችንን አንሥተን አብረናቸው በቆምን ነበር። እነርሱ ግን ይህን ለማለት መጽሐፉን መጨረስ ያስፈልጋቸው ነበር።

ይህን ካልን ዘንድ የደራሲውን ሙያ መደበቅ ደግሞ ግፍ ይሆናል። አንደኛ፣ ምዕራፍ የት እንደሚቆረጥ ያውቃሉ፤ አንባቢው መብራት ላጥፋ ሲል አንድ ተጨማሪ ምዕራፍ የሚያስነብብ እጅ በአማርኛ ድርሰት ውስጥ ብዙ አይገኝም። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ኢትዮጵያዊ፣ የአገሩን ስም በውጭ ሰዎች ፊልምና መጽሔት ላይ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ያየው ከረኃብና ከልመና ጋር ተጣብቆ ነው። ለዚህ ልጅ ኢትዮጵያዊው ተረጂ ሳይሆን ፈጣሪ፣ ተከታይ ሳይሆን ተፈላጊ የሆነበትን ታሪክ በራሱ ቋንቋ ማቅረብ ቀላል ነገር አልነበረም። ኩራትና ሽንገላ ጎረቤቶች መሆናቸውን እናውቃለን፤ መጽሐፉም አንዳንዴ አጥሩን ዘሎ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይገባል። ሆኖም ያ ልጅ የተጠማው ውኃ ነበር፤ ውኃውም ድፍርስ ነው ብለን ጠርሙሱን ስንሰብርበት ንጹሕ ውኃ በእጃችን ይዘን አይደለም።

በካፋ ደግሞ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። በዚህ ዞን አብዛኛው ሕፃን አፉን የሚፈታው በካፊ ኖኖ ነው። ካፊ ኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ልጁ የአማርኛን ፊደል ብቻውን እንደ አዲስ አገር ይማረዋል። ከዚያም አማርኛ ለእርሱ የትምህርት ቤት ጉዳይ ይሆናል፤ የማመልከቻ፣ የማስታወቂያ፣ የፈተና ቋንቋ ይሆናል። በማመልከቻ ቋንቋ ደግሞ ማንም ሰው ሕልም አያይም። ይህ ልጅ ማንም ሳያዝዘው፣ ነጥብ ሳይሰጠው፣ ብዙ መቶ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ የሆነውን ነገር የሚንቅ ሰው፣ በሁለተኛ ቋንቋ ወፍራም መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ሰው ነው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን አንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአማርኛ ደብዳቤ ሲጽፍ ቀድሞ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበረ፣ በ«ዴርቶጋዳ» ጀምሮ ሰላይ ያለበትን መጽሐፍ ሲያፈላልግ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንዳገኘ፣ ከዚያም ወዲህ ሲያነብ እንደ ኖረ አጫውቶናል። በእርግጥ ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ ሦስቱን መጻሕፍት አራት ጊዜ አንብቦ አምስተኛ ጊዜ የሚጀምር ሰውም እናውቃለን። ቢሆንም ከዚህ ሰው ፊት መጽሐፉን ብናነሣበት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነሣል ብሎ የሚያምን ካለ፣ ሰውየውን አላየውም።

ገዳምና ሰላይ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መገናኘታቸው ያሳዘናቸው ሽማግሌዎች አሉ። ስሜታቸውን እናከብራለን፤ ሆኖም ልጆቹ ስለ ጣና ገዳማት መጠየቅ የጀመሩት ከመጽሐፉ ወዲህ መሆኑን እነርሱም አልካዱም። «ጊዜ ያባክናል፣ ለፈተና አይጠቅምም» ለሚሉት ደግሞ የምንመልሰው የለንም፤ ለፈተና አይጠቅምም።

በመጨረሻ የሚቀርበው ክስ የፈረንጅ ቅጂ ነው የሚል ነው። የፈረንጅ የስለላ መጽሐፍና ፊልም በደራሲው ላይ ጥላውን መጣሉ እውነት ይመስለናል። ነገር ግን ይህን ክስ በካፋ ተቀምጦ የሚናገር ሰው አንገቱን ወደ ጎጀብ ዘወር ቢያደርግ መልካም ነው። የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 መንግሥታቸው ወድቆ በተማረኩ ጊዜ፣ ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወደ ወንዙ ጣሉት ይባላል፤ የካፋ ንግሥና ከእኔ ጋር አበቃ ሲሉ ነው። እንግዲህ ከላይ የጠቀስነው የቶልኪን ታሪክ መነሻው ምንድን ነው? ከንጉሥ እጅ ወጥቶ ወንዝ ውስጥ የወደቀ፣ ለብዙ ዘመን በጭቃ ውስጥ የተኛ፣ ኋላም ዓሣ ሊያጠምድ በወጣ ሰው እጅ የገባ ቀለበት ነው! ቶልኪን የጎጀብን ወሬ ሰምተው ነበር አንልም። የምንለው ይህን ነው፤ የእንግሊዙ ቀለበት ዓለምን ሲዞር፣ የእኛው ቀለበት ከጉዞ ጸሐፊዎች ገጽና ከሽማግሌዎች ጨዋታ አልወጣም። ስለ ካፋ የቀድሞ መንግሥት በስፋት የጻፈው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ነው፤ በ1905 እና በ1909 አገሩን አይቶ ሄዶ በ1920 እና በ1923 ሁለት ቅጽ አሳተመ፤ እርሱም በጀርመንኛ ነው። የቦንጋ ልጅ አያቱ የኖረበትን ግቢ፣ መንግሥቱ ጠላቱን የሚከላከልበትን ጥልቅ ቦይና በር በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ለማየት ቢፈልግ ምን እንስጠው? ጣናን የሰጠው ደራሲ በደለኛ ነውን? ወይስ ጎጀብን ያልሰጠነው እኛ?

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ተረት ለወጣት አይጠቅምም የሚሉን ሰዎች፣ እንግዳ ወደ ቦንጋ በመጣ ቁጥር አስቀድመው የሚነግሩት የፍየል እረኛውን የካልዲን ታሪክ ነው። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በሉ፣ ጨፈሩ፣ እረኛውም አብሮ ጨፈረ። ይህ ታሪክ በዓለም ሁሉ በቡና ማሸጊያ ላይ ታትሞ ይሸጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ የገባውን የካፋን ጫካ ሊያይ የሚመጣው ሰው፣ ስለ ዕፀዋቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ እረኛው ይጠይቃል። የጨፈረች ፍየል ስትሆን እውነት፣ የጠፈር መሣሪያ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ውሸት የምትሆን ሚዛን ከየት እንደ ተገዛች ቢነግሩን ደስ ይለናል።

ከዚህ በኋላ ስለ ተግባሩ እንነጋገር። መጻሕፍቱ በመደርደሪያው ላይ ይቆዩ። የቋንቋው ነገር የሚያሳስባቸው መምህራን፣ ያሳሰባቸውም በከንቱ አይደለም፣ ከ«ዴርቶጋዳ» አንድ ገጽ፣ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ገጽ ወስደው፣ ሁለቱም ሰው መንገድ ሲሄድ የሚያሳዩ ይሁኑና፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው። የትኛው አረፍተ ነገር መንገዱን እንደሚያሳይ፣ የትኛው መንገዱን ብቻ እንደሚናገር ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስምሩበት። ከዚያ ቀጥሎ ጎጀብን የሚሻገር ሰው እያንዳንዳቸው በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ በካፊ ኖኖ የቀለላቸው በካፊ ኖኖ ይጻፉት። የተጻፈውን ለማንበብ ፈቃደኞች ነን፤ ከመካከሉ አንድ ደህና ገጽ ቢገኝ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች እንልካለን።

እስከዚያው ድረስ፣ በተባለው የንባብ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት ሲኖሩ ሦስተኛው ስለሌለ፣ እኛ ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች ከደመወዛችን አዋጥተን ከአዲስ አበባ እንዲመጣ አዘናል። ይህን የሚቃወም ቢኖር በስሙ ፈርሞ በዚሁ መጽሔት ላይ ይመልስልን።